ዲፊውዥኑ ንጹሕ ነው ተብሎ ስትሮኩ ለምን ያመልጣል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በ1.5 ቴስላ ኤምአርአይ ላይ የምሠራ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነኝ። የ58 ዓመት አባት ድንገት አዙሯቸው፣ እያስመለሳቸውና ሚዛናቸውን መጠበቅ አቅቷቸው በ5ኛው ሰዓት መጡ። የአንጎል ኤምአርአይ ተሠራ፤ ዲፊውዥኑ (የውኃን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምስል) ንጹሕ ነው ተባለ፤ የጆሮ ችግር ነው ተብለው ወደ ቤታቸው ተሸኙ። በሦስተኛው ቀን ብሶባቸው ሲመለሱ ሜዱላ (የአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል) ላይ ግልጽ ስትሮክ ታየ። የምንሠራው በአክሲያል (አግድም ቁራጭ) ብቻ ነው፤ 5 ሚሜ ስላይስ (የአንዱ ቁራጭ ውፍረት)፣ 1.5 ሚሜ ጋፕ (በቁራጮች መካከል የሚታለፍ ክፍተት)፣ ቢ 1000 (የዲፊውዥኑ ጥንካሬ)። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የአሠራራችን? ምን ብናስተካክል ይሻላል?»

ጤና ይስጥልኝ። ማሽኑ ይበቃል። 1.5 ቴስላ ለድንገተኛ ስትሮክ አያንስም፤ እንዲያውም የአንጎል ግንድ አካባቢ ምስሉ የሚጣመመው ከ3 ቴስላ ይልቅ በ1.5 ቴስላ ላይ ያነሰ ነው። ያመለጠበት ምክንያት ከፊሉ የበሽታው ጠባይ፣ ከፊሉ የፕሮቶኮሉ ነው። የበሽታውን ጠባይ መለወጥ አይቻልም፣ ግን አውቆ መጠንቀቅ ይቻላል። ፕሮቶኮሉ ግን ነገ ጠዋት የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ ስለ ጠባዩ። የደም ሥር ሲዘጋ የአንጎል ሕዋስ ጉልበት ያልቅበታል፣ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ውኃው ከሕዋሶቹ መካከል ወደ ውስጣቸው ይገባል። እዚያ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ስለማይችል በዲፊውዥን ላይ ቦታው ይነጣል፣ የውኃውን እንቅስቃሴ መጠን በቁጥር የሚያሳየው ኤዲሲ ካርታ ላይ ይጠቁራል። ሞዝሊና ባልደረቦቹ በ1990 በድመቶች ላይ ባደረጉት ሥራ ለውጡ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሲታይ ተራው ቲ2 የተባለው ምስል ግን ገና ምንም አላሳየም ነበር። ዲፊውዥን የድንገተኛ ስትሮክ ዋና ምስል የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይሠራም። የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ ያየ የ2017 ትንተና ከ100 የስትሮክ ሕመምተኞች ወደ 7 የሚጠጉት (6.8 በመቶ) የመጀመሪያ ዲፊውዥናቸው ንጹሕ እንደሚሆን አሳይቷል፤ ከአንጎል የኋለኛው የደም ዝውውር ክልል የሚነሣው ደግሞ ከፊተኛው በአምስት እጥፍ ገደማ የበለጠ ያመልጣል። በ2009 በታተመ ሌላ ሥራ፣ እንደ እርስዎ ሕመምተኛ ድንገት አዙሯቸው በመጡ ሰዎች ላይ፣ የመጀመሪያው ዲፊውዥን በ12 በመቶው ስትሮኩን ስቷል፤ የተሳቱት ሁሉ ምልክቱ ከጀመራቸው 48 ሰዓት ሳይሞላ የተነሡ ናቸው። ስለዚህ በ5ኛው ሰዓት ንጹሕ የሆነ ዲፊውዥን ሰውየውን ወደ ቤት የሚሸኝ ማስረጃ አልነበረም።

አሁን ወደ ፕሮቶኮሉ። የሜዱላ ጎን ስትሮክ ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። 4 ሚሜ ነው እንበል። በእናንተ አሠራር 1.5 ሚሜው ጋፑ ላይ ቢያርፍ ስላይሱ ውስጥ የሚገባው 2.5 ሚሜ ብቻ ነው፤ ይኸውም የ5 ሚሜው ግማሽ። ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። የጤነኛ አንጎል ኤዲሲ 800 አካባቢ ነው (የሥራ ጣቢያው ኮምፒውተር በሚያሳየው ቁጥር፤ ሙሉው 0.0008 ካሬ ሚሜ በሰከንድ ነው)፤ የተጎዳው ቦታ ኤዲሲ 500 ቢሆን፣ በቢ 1000 ላይ የተጎዳው ከጤነኛው 35 በመቶ ገደማ ብቻ ይበልጥ ይነጣል። ስላይሱን በግማሽ ሲሞላ ልዩነቱ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኤዲሲው ወደ 650 ብቻ ከወረደ ደግሞ ልዩነቱ ስላይሱን ቢሞላ እንኳ 16 በመቶ ነው፤ በግማሽ ቢሞላ 8 በመቶ። የራስ ቅል መሠረት አካባቢ ካለው ጫጫታና መጣመም ውስጥ 8 በመቶ ልዩነትን ማንም ራዲዮሎጂስት በዓይኑ አያገኝም። አንባቢውን ከመውቀስ በፊት የተሰጠውን ምስል ማየት ተገቢ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተካከያ ይህ ነው፦ ለአንጎል በሙሉ የምትሠሩትን ዲፊውዥን አትንኩት፤ ከእሱ ቀጥሎ ለአንጎል ግንድና ለሴሬቤለም (ለኋለኛው ትንሽ አንጎል) ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቀጭን ዲፊውዥን ጨምሩ። 3 ሚሜ ስላይስ፣ ጋፕ ዜሮ፣ 24 ስላይስ። 72 ሚሜ ይሸፍናል፤ የታችኛውን ስላይስ ከፎራመን ማግነም (ከራስ ቅል የታችኛው ቀዳዳ) ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብትጀምሩ ሜዱላን፣ ፖንስንና ሚድብሬይንን ይዞ ያልፋል። ስላይሶቹ በተዘዋዋሪ ቅደም ተከተል (ኢንተርሊቭድ) ይነሡ፤ ካልሆነ ጋፕ ስለሌለ አጠገብ ለአጠገብ ያሉት ይበላላሉ። ከ5 ወደ 3 ሚሜ ሲወረድ ሲግናሉ ከነበረው 60 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ ያንን ለመመለስ አቬሬጁ (ምስሉ ተደጋግሞ የሚነሣበት ቁጥር) 2.8 እጥፍ መሆን አለበት። 2 አቬሬጅ ከነበረ 6 አድርጉት። ቲአር (የአንዱ ዙር ጊዜ) 4000 ሚሊሰከንድ ይሁን፤ ሦስት አቅጣጫ በ6 አቬሬጅ ሲባዛ 18፣ ከአንዱ ቢ 0 ጋር 19 ዙር፣ በ4 ሰከንድ ሲባዛ 76 ሰከንድ። ማስተካከያ ጊዜውን ጨምሮ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ፕሮቶኮላችሁ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መጨመር ቢፈቀድላችሁ ይህንን ጨምሩ።

ሁለተኛው፣ ኮሮናል (ከፊት ሲታይ እንደሚቆረጥ ቋሚ ቁራጭ) ዲፊውዥን ነው። በአክሲያል ላይ አንድ ስላይስ ብቻ ላይ የሚታይ ነጭ ነጥብ አርቲፋክት ይሁን ስትሮክ መለየት ይከብዳል፤ በኮሮናልም በዚያው ቦታ ከታየ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። እዚህ ላይ ስለ ፌዝ ኢንኮዲንግ አቅጣጫ (መጣመሙ ስለሚታይበት የምስሉ አቅጣጫ) ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአክሲያል ከፊት ወደ ኋላ የሚደረገው መጣመሙ በግራና በቀኝ እኩል እንዲሆን ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከተደረገ አንዱ ወገን ይሳባል፣ ሌላው ይጨመቃል፣ የተጨመቀው ወገን ነጥቶ ስትሮክ ይመስላል። በኮሮናልም በዚሁ ምክንያት ከራስ ወደ እግር ይሻላል፤ ነገር ግን አንገቱ ከስር ተጠቅልሎ ምስሉ ላይ እንዳይወጣ አንገት ላይ ሳቹሬሽን ባንድ መጣል አይዘንጋ።

መጣመሙን የሚቀንሰው ትልቁ መሣሪያ ፓራለል ኢሜጂንግ (የኮይሉን ቻናሎች በአንድነት ተጠቅሞ ጥቂት መስመሮችን ብቻ ማንበብ) ነው። ኮይላችሁ 8 ቻናልና ከዚያ በላይ ከሆነ በ2 አፋጥኑት። ለምን እንደሚጠቅም በስብ ማየት ይቀላል። በኢፒአይ (ዲፊውዥኑ በሚነበብበት ፈጣን ዘዴ) አንዱን መስመር ከሌላው የሚለየው ጊዜ 0.7 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ 128 መስመር ለማንበብ 90 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በፌዝ አቅጣጫ አንድ ፒክሰል 11 ሄርዝ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። በ1.5 ቴስላ ስብ ከውኃ በ220 ሄርዝ ገደማ ስለሚለይ 20 ፒክሰል ይንሸራተታል። ኤፍኦቪው (ምስሉ የሚሸፍነው ስፋት) 230 ሚሜ ከሆነ ይህ 36 ሚሜ ነው! የስብ ማጥፊያው በደንብ ካልሠራ በኋለኛው ራስ ቆዳ ስር ያለው ስብ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቅስት መስሎ ሴሬቤለም ላይ ይጋደማል። በ2 ሲፋጠን መንሸራተቱም፣ በአየርና በአጥንት ዙሪያ ያለው መጣመምም በግማሽ ይቀንሳል። ዋጋው ሲግናል ነው፤ ቢያንስ 30 በመቶ ይወርዳል፤ ለዚህም ነው አቬሬጁን ከፍ ማድረግ የሚያስፈልገው። ከ2 በላይ ማፋጠን በ8 ቻናል ኮይል መሃል ላይ ጫጫታ ያከማቻል። የአንጎል ግንድ ያለው ደግሞ በትክክል መሃል ላይ ነው፤ ስለዚህ በ2 ይብቃችሁ። ቲኢውንም (ሲግናሉ እስኪነበብ የሚቆየውን ጊዜ) ማሽኑ በሚፈቅደው ልክ አሳንሱት፤ ከ90 ሚሊሰከንድ በታች ይሁን።

አዳዲስ ማሽኖች ላይ አንዱን ንባብ በክፍልፋይ የሚያነቡ ዲፊውዥኖች አሉ፤ በሲመንስ ሪዞልቭ፣ በጂኢ ሚዩዝ ይባላሉ። የራስ ቅል መሠረትን ጥርት አድርገው ያሳያሉ። ነገር ግን በርካታ ደቂቃ ይወስዳሉ፤ የሚያስመልሰውና የሚወራጭ ሰው ላይ ደግሞ ይበላሻሉ። ላይሰንሱ ካላችሁ፣ ሕመምተኛው ጸጥ ካለና ጥያቄው የአንጎል ግንድ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ እንደ መጀመሪያ ሲኩዌንስ ግን አታድርጉት።

ቢ ቫልዩውን ወደ 2000 ከፍ ማድረግስ? ብዙ ሰው ይህንን ይጠይቃል። በላይኛው ምሳሌ በቢ 1000 ላይ 35 በመቶ የነበረው ልዩነት በቢ 2000 ላይ 82 በመቶ ይሆናል። ጥሩ ይመስላል። ግን የተጎዳው ቦታ ሲግናል ራሱ በቢ 1000 ከነበረው 60 በመቶ ብቻ ይቀራል፣ የጤነኛው ደግሞ ከግማሽ በታች፤ ቲኢውም ይረዝማል። አቬሬጅ ካልተጨመረ ትርፉን ጫጫታው ይበላዋል። ከዚህም ሌላ በከፍተኛ ቢ ላይ የጤነኛው ነጭ አካል ክሮች (ኮርቲኮስፓይናል ትራክት፣ የሴሬቤለም ፔደንክሎች) ራሳቸው ነጥተው ያሳስታሉ። እንደኔ ግምት ለ1.5 ቴስላ መጀመሪያ ስላይሱን ማቅጠን፣ ከዚያ ኮሮናሉን መጨመር፣ ቢ 2000ን ደግሞ ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል።

ወደ ኤዲሲው ልምጣ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ነጭ የሆነ ሁሉ አዲስ ስትሮክ አይደለም። ሦስት ቦታዎችን ለኩ እንበል። ጤነኛው ወገን በቢ 0 ላይ 400፣ በቢ 1000 ላይ 180። አዲሱ ስትሮክ በቢ 0 ላይ 400፣ በቢ 1000 ላይ 220። አሮጌው ጠባሳ በቢ 0 ላይ 600፣ በቢ 1000 ላይ 270። በዓይን ሲታይ ከሁሉ የሚነጣው አሮጌው ነው። ኤዲሲው የሁለቱ ሲግናሎች ውድር ሎጋሪዝም ለቢ ቫልዩው ሲካፈል ስለሆነ፣ ጤነኛው 800፣ አዲሱ 600፣ አሮጌው ተመልሶ 800 ይወጣል። አሮጌው የነጣው የቲ2 ብርሃኑ ወደ ዲፊውዥኑ ስላለፈ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲፊውዥንን ያለ ኤዲሲ ካርታና ያለ ቢ 0 ወደ ራዲዮሎጂስቱ መላክ የለበትም፤ ሦስቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ። የዲፊውዥኑንም ዊንዶው አጥብቡት፤ ማሽኑ በራሱ በመረጠው ሰፊ ዊንዶው ላይ ትንሽ ልዩነት ይሰወራል። ኤዲሲው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ልኩ እንደሚመለስም አስታውሱ፤ ሳምንት ያለፈውን ስትሮክ በኤዲሲ ብቻ «አዲስ አይደለም» ማለት አይቻልም።

ኤዲሲውም ጠቁሮ ስትሮክ ያልሆነ ነገር አለ፦ የስኳር መጠን ከልክ በታች መውረድ፣ ረጅም የሚጥል በሽታ፣ መግል የቋጠረ እብጠት፣ አንዳንድ የደም መፍሰስ። የጣት ስኳር ምርመራ ከኤምአርአዩ በፊት መሠራቱን ጠይቁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አርቲፋክትን ለመለየት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ ቢ 0ን ብቻ በተቃራኒው ፌዝ አቅጣጫ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ድጋሚ አንሡ። ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። የአየርና የአጥንት መጣመም ከሆነ ነጩ ቦታ ይሸሻል ወይም ቅርጹን ይለውጣል፤ አዲስ ስትሮክ ግን በቢ 0 ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ የሚሸሽ ነገር ካልታየ ነጩ የመጣመም ውጤት የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ከዲፊውዥኑ ውጭ ያሉት ቶሎ ይነገራሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ሎካላይዘር፣ ሙሉ ዲፊውዥን፣ ቀጭኑ ዲፊውዥን፣ የደም መፍሰስን የሚያሳየው ቲ2 ስታር ወይም ኤስደብልዩአይ፣ ፍሌር (የአንጎል ፈሳሹን አጥቁሮ ጉዳቱን የሚያነጣው ምስል)፣ ከዚያ ያለ ኮንትራስት የሚሠራው የደም ሥር ምስል (ቲኦኤፍ)። ዲፊውዥኑ ቀዳሚ የሚሆነው ሰውየው መወራጨት ከጀመረ ቢያንስ እሱ እጃችሁ ላይ እንዲቀር ነው። ለደም መፍሰስ ሲቲ የግድ ነው የሚል እምነት አለ፤ በ2004 የወጣ ጥናት ግን ቲ2 ስታር ያለው ኤምአርአይ አዲስ የደም መፍሰስን በማግኘት ከሲቲ እንደማያንስ አሳይቷል። ቲ2 ስታሩ ሌላም ይሰጣል፦ የረጋ ደም የዘጋው የደም ሥር ጠቁሮ ወፍሮ ይታያል። ቲኦኤፉን ስታቅዱ ከፎራመን ማግነም በታች ጀምሩ፤ ብዙ ቦታ ሰርክል ኦፍ ዊሊስ (በአንጎል ሥር ያለው የደም ሥሮች ቀለበት) ላይ ብቻ ይቆረጥና የሜዱላን ስትሮክ ያመጣው የቬርቴብራል አርተሪ ጫፍ ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ዕድሜው ገና የሆነ ወይም የአንገት ሕመም ያለው ሰው ከሆነ የአንገት ቲ1 ከስብ ማጥፊያ ጋር ጨምሩ፤ የተሰነጠቀው የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያለው ደም እንደ ግማሽ ጨረቃ ይነጣል፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ላይነጣም ይችላል።

ፍሌሩ የጊዜ ምስክር ነው። ዲፊውዥኑ ነጥቶ ፍሌሩ ገና ንጹሕ ከሆነ ስትሮኩ 4.5 ሰዓት ያልሞላው የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው። በ2018 የወጣው ዌክአፕ የተባለ ጥናት ምልክቱ መቼ እንደጀመረ ያልታወቀላቸውን፣ ተኝተው ሲነሡ ያገኛቸውን ሰዎች በዚህ መንገድ መርጦ የረጋ ደም የሚያሟሟውን አልቴፕሌዝ ሲሰጣቸው 53.3 በመቶው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል፤ ካልተሰጣቸው 41.8 በመቶው። መድኃኒቱ የሞትና የአንጎል ደም መፍሰስ አደጋም ስላለው ውሳኔው የኒውሮሎጂስቱ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ፍሌሩን ሳይንቀጠቀጥ ማቅረብ ነው። ፐርፊውዥን (ወደ አንጎሉ የሚደርሰውን ደም የሚለካው ምስል) ለትልልቅ የደም ሥር መዘጋትና የረጋ ደሙን ለማውጣት ሕክምና ይጠቅማል፤ ለሜዱላ ትንሽ ጉዳት ግን ብዙ አይረዳም፤ እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉበት።

ስለ ጊዜ ሳነሣ፣ በአገራችን የሚያጋጥም አንድ ስህተት አለ። የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «3፡00 ሰዓት ጀመረው» ተብሎ ይጻፋል። የቤተሰቡ 3 ሰዓት የጠዋቱ ነው፤ የማሽኑ ሰዓት ደግሞ 09፡00 ይላል። ሰውየው በጠዋቱ 3 ሰዓት ታሞ በ8 ሰዓት ከቀትር በኋላ ቢነሣ ምስሉ ላይ የሚታተመው 14፡00 ነው። 14 ሲቀነስ 3፣ 11 ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ! እውነቱ 5 ሰዓት ነው። ይህ ስህተት የሰውን የመታከሚያ ጊዜ አቃጥሎ ይጨርሳል። መጠየቂያው ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበት ሰዓት» የሚል ቦታ ይኑር፣ ከአጠገቡም «በኢትዮጵያ / በፈረንጅ አቆጣጠር» ተብሎ የሚከበብበት። ሪፖርቱም ላይ «ምልክቱ ከጀመረ በ5ኛው ሰዓት የተነሣ» ተብሎ ይጻፍ።

ሕመምተኛውን ማዘጋጀት ከሲኩዌንሱ አያንስም። የሚያዞረው ሰው በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል፣ ያስመልሰዋል። የማስመለስ ማስታገሻው ሠንጠረዡ ላይ ሳይወጣ በፊት በሐኪሙ ይሰጠው፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ግን የነርቭ ምርመራውን ስለሚሸፍን እንደ ልማድ አይሰጥ። ጭንቅላቱን በሁለቱም በኩል በፓድ ሙሉት፣ የድንገተኛ መጥሪያውን እጁ ላይ አስይዙት፣ ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ሲኩዌንስ «አሁን አንድ ደቂቃ ተኩል አይንቀሳቀሱ አባቴ» ብሎ መንገር ብዙ ድጋሚ ያድናል። ከዚያ ጸጉሩን ፈትሹ። በሹሩባ ወይም በተሰፋ ዊግ ውስጥ የተደበቀች አንዲት የብረት ፒን በኋለኛው ራስ ላይ ከሆነች የሴሬቤለሙን ዲፊውዥን ሙሉ ጥቁር ጉድጓድ ታደርገዋለች። አንገት ላይ ያለ ማተብ፣ መስቀል፣ በብረት የታሸገ ክታብ በአክብሮት ተጠይቆ ይወለቅና ለቤተሰብ ይሰጥ። የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ በሰውነት ውስጥ አለ ወይ ብሎ በአማርኛ፣ በግልጽ ቃል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «ሜታል አለ?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» ያሉ ሰዎች «ቆስለው ያውቃሉ?» ሲባሉ «አዎ» ይላሉ። በዓይን አካባቢ ፍንጣሪ ከተጠረጠረ መጀመሪያ ኤክስሬይ ይነሣ። የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር ግን በምንም ምክንያት ወደ ክፍሉ አይግባ።

የማሽኑን ዲፊውዥን ለመፈተሽ ውድ ፋንተም (የማሽን መፈተሻ ናሙና) አያስፈልግም። በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ዲስቲልድ ውኃ ሙሉ፣ በተፈጨ በረዶና በውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት፣ በዚያው እንዳለ በጭንቅላት ኮይሉ ውስጥ አንሡት። በ0 ዲግሪ የውኃ ኤዲሲ 1100 ነው። የሚወጣው ቁጥር ከዚህ በ5 በመቶ በላይ ከራቀ፣ ወይም በአቅጣጫ ሲለያይ፣ መሐንዲሱን ጥሩ። በወር አንዴ ሠርታችሁ በመዝገብ ብትይዙት የኮይል ቻናል መሞት ወይም የግራዲየንት መዛባት ሕመምተኛ ላይ ሳይደርስ ይታወቃል። መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላም ይህንን መድገም ጥሩ ነው።

0.2 ወይም 0.3 ቴስላ ክፍት ማሽን ላይ የምትሠሩ ይህንን ብታነቡ፦ ማሽናችሁ በአግባቡ የሚሠራ ዲፊውዥን ከሌለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስትሮክን በፍሌርና በቲ2 ለመፈለግ ሰውየውን 30 ደቂቃ አታስተኙት። ደም ፈሷል ወይ የሚለውን ሲቲ በፍጥነት ይመልሰዋል። በ0.064 ቴስላ የሚሠራ፣ ወደ አልጋው የሚገፋ ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይም መጥቷል፤ በ2022 በታተመ ሥራ ከ50 የስትሮክ ሕመምተኞች በ45ቱ ጉዳቱን አሳይቷል፤ እስከ 4 ሚሜ የሚያንሱትንም ጭምር። ሆኖም ለሜዱላ ጥያቄ ዛሬ 1.5 ቴስላ ያለው ሰው ማሽኑን የሚለውጥበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ዲፊውዥኑ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከምስሉ የሚበልጠው የሐኪሙ እጅ ነው። ማዞሩ ሳያቋርጥ ለቆየና ኒስታግመስ (ያለ ፈቃድ የሚሆን የዓይን መወዛወዝ) ላለው ሰው ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ጭንቅላቱ በድንገት ወደ ጎን ሲገፋ ዓይኑ ዒላማውን ይይዛል ወይስ ይስታል፣ ኒስታግመሱ አቅጣጫውን ይቀይራል ወይ፣ አንድ ዓይን ሲሸፈንና ሲገለጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስተካከላል ወይ። ሂንትስ የሚባለው ይህ ነው፤ ቅድም ባነሣሁት የ2009 ሥራ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ከመጀመሪያው ዲፊውዥን በልጦ ተገኝቷል። የሚገርመው፣ ዓይኑ ዒላማውን ሳይስት መያዙ «ጤነኛ» ቢመስልም በእንደዚህ ዓይነት ሕመምተኛ ላይ የአንጎልን ችግር የሚጠቁመው ያ ነው። ሰውየው ሳይደገፍ መቀመጥ ወይም መቆም ካልቻለ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃተው፣ የፊቱ አንድ ወገንና የሰውነቱ ሌላ ወገን ሙቀት መለየት ካቆመ፣ ኤምአርአዩ የፈለገውን ቢል ይተኛ።

ስለ ሪፖርቱ አንድ ለውጥ ልጠይቃችሁ። «አዲስ ስትሮክ የለም» ብላችሁ አትዝጉት። እንዲህ ይጻፍ፦ «ምልክቱ ከጀመረ በ5ኛው ሰዓት በ5 ሚሜና በ3 ሚሜ አክሲያል እንዲሁም በኮሮናል ዲፊውዥን በተነሣው ምስል አዲስ ስትሮክ አልታየም። በዚህ ጊዜ የተነሣ ምስል የአንጎል ግንድ ትንሽ ስትሮክ የለም ለማለት አያስችልም፤ ጥርጣሬው ካለ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ዲፊውዥኑ ይደገም።» ለድጋሚው ሙሉ ፕሮቶኮል አያስፈልግም፤ ቀጭኑ አክሲያልና ኮሮናሉ ከፍሌር ጋር ይበቃሉ፤ ከነመግቢያው 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀጠሮውን ከክፍሉ ሳይወጣ ስጡት። የሴሬቤለም ስትሮክ እብጠት በአብዛኛው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይበረታል፣ የአንጎል ፈሳሽ የሚያልፍበትን አራተኛውን ቬንትሪክል ይዘጋል፤ የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ሊደርስለት የሚችለው በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ለተገኘ ሰው ነው። ቤቱ የሚሄድ ከሆነም አስታማሚው ይህንን ቃል በቃል ይነገረው፦ እንቅልፍ ከበዛበት፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ያንኑ ሰዓት ይዞት ይምጣ።